የ80ዎቹን የእንግሊዝ ኒው ዌቭ ዘፈኖች መልሶ ማቀናበር፦ የተሠራውና ገና የቀረው

ኒው ዌቭ የሚባለውን፣ ሲንተሳይዘር የበዛበትን የ80ዎቹን የእንግሊዝ ፖፕ በቤት ኮምፒውተር መልሶ ለማቀናበር የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው ድምፅ ፍለጋ ነው። የጁፒተር 8 ሲንተሳይዘርን የኮምፒውተር ቅጂ ያወርዳል፣ የሚኒሙግ ቅጂ ይጨምራል፣ ከዚያ በሁለት እጁ ወፍራም ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ይጫናል። የሚወጣው ድምፅ ግን የሠርግ ኪቦርድ ይሆንበታል። ችግሩ ያለው ቅንብሩ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ሲንተሳይዘር ዘፈኖች በአብዛኛው የቆሙት በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ በሚያሰሙ መስመሮች ላይ ነው። አራት ወይም አምስት ቀጫጭን መስመሮች፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየገባ፣ ተደማምረው ኮርድ ይሆናሉ። ይህ የገባው ሰው በነጻ ፕለጊን (በኮምፒውተር ውስጥ በሚሠራ መሣሪያ) ይሠራዋል፤ ያልገባውን ውድ መሣሪያም አያድነውም።

የዚህ አሠራር መነሻ ገንዘብ ነው። ዴፔሽ ሞድ ከባዝልደን ሲነሡ ቪንስ ክላርክ ካዋይ 100ኤፍኤስ፣ ማርቲን ጎር ያማሃ ሲኤስ5፣ አንድሩ ፍሌቸር ደግሞ ሙግ ፕሮዲጂ ነበር የያዙት። ሦስቱም ርካሽ፣ ሦስቱም ሁለት ቁልፍ ቢጫኑ አንዱን ብቻ የሚያሰሙ ናቸው። በ1981 የወጣው ሮላንድ ጁፒተር 8 ስምንት ኖታ አብሮ ያሰማ ነበር፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ ባንድ የማይቀመስ ነበር። ስለዚህ ኮርድ የፈለገ ቡድን ኮርዱን በሦስት ሰው መከፋፈል ነበረበት።

ከመቀጠላችን በፊት፦ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኖታዎቹ ሙዚቀኛው በተለምዶ በሚጠራቸው በኤ፣ ቢ፣ ሲ ተጽፈዋል። ፍጥነት ማለት በደቂቃ ውስጥ ያለው የምት ብዛት ነው። በየርእሱ ጎን ያለው "አልቋል" ወይም "ቀርቷል" የእኛ መልሶ ማቀናበር የደረሰበትን ያሳያል።

ዕቃው

ለመቅጃ ሪፐር፣ ለአናሎግ ድምፆች ሰርጅ ኤክስቲ እና ታል ኖይዝሜከር፣ ለያማሃ ዲኤክስ7 ድምፆች ዴክስድ። ሦስቱ ሲንተሳይዘሮች ነጻ ናቸው፤ ሪፐር 60 ቀን ያስሞክራል። ባለ 25 ቁልፍ ሚዲ (ኮምፒውተሩን የሚያዝ) ኪቦርድ ከበቂ በላይ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር በአንድ እጅ የሚጫወት ነውና። ለከበሮ የሊን ኤልኤም1፣ የኦበርሃይም ዲኤምኤክስ እና የሮላንድ ሲአር78 ድራም ማሽኖች ሳምፕሎች (የተቀዱ ድምፆች) ያስፈልጋሉ። ሌላ ነገር መግዛት ለጊዜው ይቅር።

ፕለጊኑ እንደተከፈተ መደረግ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የኖታ ብዛቱን ወደ 1 ማውረድ፣ ማለትም ሞኖ ማድረግ። ሁለተኛ፣ በውስጡ ያለውን ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት) እና ዲሌይ (ዘግይቶ የሚመለስ ድምፅ) መዝጋት። የዛሬ ፕሪሴቶች (አስቀድመው የተዘጋጁ ድምፆች) ሲሸጡ እንዲያምሩ ተብለው በሪቨርብ ተነክረው ነው የሚመጡት። አምስቱ መስመር አምስት የተለያየ አዳራሽ ይዞ ሲመጣ ሚክሱ (የመስመሮቹ ድብልቅ) ይጨቀያል፤ ብዙ ጀማሪ ያን ጭቃ በኢኳላይዘር ለማጽዳት ሲታገል ይውላል።

ሲቀዱ የኮምፒውተሩ በፈር (ድምፁን ለጊዜው የሚይዝበት ቋት) 128 ሳምፕል ላይ፣ ማለትም 128 የድምፅ ቅንጣት ላይ ይሁን፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ 3 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው፣ እጅ አይሰማውም። ሚክስ ሲደረግ 1024 ላይ ቢወጣ ይሻላል፣ አለዚያ ኮምፒውተሩ መንጫጨት ይጀምራል።

ዲሌይ በስሌት

ዲሌይን በጆሮ ማስተካከል ይቻላል፤ በስሌት ግን ይፈጥናል። 60,000ን ለፍጥነቱ ማካፈል የአንድ ሙሉ ምትን ርዝመት በሚሊ ሴኮንድ ይሰጣል። በ118 ፍጥነት አንድ ምት 508፣ ግማሹ 254 ነው። በ125 አንድ ምት 480፣ ሩብ ምት 120። በ130 አንድ ምት 462፣ ሩብ ምት 115፣ ሦስት ሩብ ምት ደግሞ 346 ነው። ይህ የመጨረሻው ርዝመት ለዚህ ሙዚቃ በጣም ይጠቅማል፦ ዲሌዩ ሦስት ሩብ ምት ላይ ሲቀመጥ የሚመለሰው ኖታ በተጫወቱት ኖታዎች መካከል ይወድቃል፣ ሳይደራረብም ምቱን ያበዛል። የሚመለሰው መጠን ከ25 እስከ 30 በመቶ ከበለጠ ግን የቤዙን መስመር ይሸፍናል።

ኢኖላ ጌይ፦ አልቋል

ለመጀመሪያ ልምምድ ከዚህ የተሻለ የለም። የኦኤምዲ ባንድ የ1980 ዘፈን ነው፣ ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ስለጣለው አውሮፕላን። በእንግሊዝ የሽያጭ ገበታ 8ኛ ደርሷል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አራት ኮርድ ብቻ ይዞራል፦ ኤፍ ሜጀር፣ ዲ ማይነር፣ ቢ ፍላት፣ ሲ። አዝማች የሚባለውን ቦታ የያዘው በሲንተሳይዘር የሚጫወተው ዜማ ነው።

ዜማውን ከመንካት በፊት አራቱን ኮርዶች በሦስት ነጠላ መስመር መዘርጋት ይጠቅማል። ለልምምድ የሚሆን አንድ አሰላለፍ እነሆ። ቤዙ ኤፍ፣ ዲ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ይሄዳል። መካከለኛው መስመር ኤ፣ ኤፍ፣ ኤፍ፣ ጂ። የላይኛው ሲ፣ ዲ፣ ዲ፣ ኢ። የላይኛውን መስመር ለብቻው አዳምጡት፦ ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ ከሙሉ ድምፅ (ከሁለት ሰሚቶን) በላይ አንድም ቦታ አይዘልም። ኮርዱን በእጅ መዳፍ ቅርጽ ይዞ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያነሣ ሰው ግን ሁሉንም መስመር አንድ ላይ ያዘልላል፤ የሠርግ ኪቦርዱ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሦስቱ መስመሮች ሦስት የተለያየ ድምፅ ይያዙ። ቤዙ ሶው ሞገድ፣ መካከለኛው ስኩዌር፣ የላይኛው ደግሞ ጠባብ ፐልስ ከ20 እስከ 25 በመቶ ስፋት፤ ሦስቱም የሲንተሳይዘር የሞገድ ዓይነቶች ናቸው። አንድ ዓይነት ድምፅ ከተሰጣቸው ተመልሰው ኮርድ ይሆናሉ፣ ልፋቱም ይባክናል።

ስዊት ድሪምስ፦ አልቋል

የዩሪትሚክስ ዘፈን፣ 1983። ሁለቱ የባንዱ ሰዎች፣ አኒ ሌኖክስና ዴቭ ስቱዋርት፣ ይህን የቀዱት ለንደን ቾክ ፋርም ውስጥ ከሥዕል ፍሬም መሥሪያ በላይ ባለች ክፍል፣ በባለ 8 ትራክ የታስካም መቅጃ ነው። ዛሬ ስልክ ላይ ያለ ፕሮግራም ከዚያ የበለጠ ትራክ አለው። ለዚህ ነው ልምምዱ ላይ 8 ትራክ የሚል ገደብ የተቀመጠው፦ ኪክ፣ ስናርና ሀይሃት (የከበሮው ክፍሎች) በአንድ ትራክ፣ ሁለት የሲንተሳይዘር መስመር፣ አንድ ስትሪንግ (የቫዮሊን ዓይነት ድምፅ)፣ አራት የዘፋኝ ድምፅ። ዘጠነኛ ያስፈለገው ሰው ከስምንቱ አንዱን ያጠፋል።

ቁልፉ ሲ ማይነር ነው፣ ፍጥነቱ 125 አካባቢ። ኮርዱ አንድ ባር (አራት ምት) ሲ ማይነር፣ ግማሽ ባር ኤ ፍላት፣ ግማሽ ባር ጂ። ለእኛ ጆሮ ቶሎ የሚገባበት አንድ ምክንያት አለው፦ ሦስቱ የኮርድ መነሻዎች፣ ሲ፣ ኤ ፍላትና ጂ፣ በሙሉ ከሲ በሚነሣው ማይነር ትዝታ ውስጥ ያሉ ኖታዎች ናቸው። እነዚያ ሰዎች ትዝታን አስበው ሠሩት ማለት አይደለም፤ ግን አንድ ክራር ተጫዋች ያንን ቤዝ ወዲያው ሊይዘው ይችላል።

ጨዋታው ያለው ሁለቱ የሲንተሳይዘር መስመሮች ላይ ነው። ሁለቱም በግማሽ ምት ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ኦክታቭ (ወደሚቀጥለው ተመሳሳይ ስም ያለው ኖታ) ይዘላሉ፣ ግን አንድ ቦታ ላይ አይዘሉም። አንዱ ወደ ግራ 60 በመቶ፣ ሌላው ወደ ቀኝ 60 በመቶ ሲደረግ ከመሃል አንድ ትልቅ መስመር የሚመስል ነገር ይሰማል። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ዝቅተኛውን መስመር ብቻ መጻፍ፤ ከዚያ ያን ትራክ ገልብጦ አንድ ኦክታቭ ማውጣት፤ ከዚያ ከተገለበጠው ላይ በየባሩ ሁለት ወይም ሦስት ኖታ ማጥፋት፣ በተለይ ቤዙ በሚዘልበት ቦታ። መደምሰሱ ከመጻፉ ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል።

የቤዙ ድምፅ፦ ሁለት ሶው፣ በመካከላቸው 6 ሴንት (የሰሚቶን መቶኛ) ልዩነት፣ ባለ 24 ዲሲቤል ሎው ፓስ ፊልተር (የላይኛውን ድምፅ የሚቆርጥ)፣ ካትኦፍ (መቁረጥ የሚጀምርበት) 350 ኸርዝ አካባቢ፣ ሬዞናንስ 15 በመቶ። የፊልተሩ ኤንቨሎፕ (በጊዜ ውስጥ የሚለዋወጥበት ቅርጽ) አታክ (መነሻ) 0፣ ዲኬይ (መውረጃ) 200 ሚሊ ሴኮንድ፣ ሰስቴን (የሚቆይበት ደረጃ) 20 በመቶ። የኖታው ርዝመት ከግማሽ ምቱ 70 በመቶ ይሁን። ሙሉውን ርዝመት የያዘ ኖታ ኮረኮንች የሌለበት መንገድ ይሆናል፣ ይንሸራተታል እንጂ አይራመድም። ሁለቱን ሶው ከ10 ሴንት በላይ ማራራቅ ደግሞ ቤዙን ያወላውለዋል፤ ዝቅተኛ ኖታ ላይ ልዩነቱ እንደ ንዝረት ይሰማል፣ ከኪኩም ጋር ይጣላል። መጨረሻ ላይ ሚክሱን በሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ አድርጎ) ማዳመጥ አይዘንጋ፤ አንዱ መስመር ከጠፋ ሁለቱ መስመሮች እየተጠፋፉ ነው ማለት ነው፣ የአንዱን ሞገድ መለወጥ ያስተካክለዋል።

ዶንት ዩ ዎንት ሚ፦ ከበሮው አልቋል፣ የዘፋኞቹ ድምፅ ቀርቷል

የሂውማን ሊግ ባንድ ዘፈን፣ በ1981 የገና ሰሞን በእንግሊዝ አንደኛ የነበረው። ዘፋኙ ፊል ኦኪ ራሱ ዘፈኑን ደካማ ብሎ ስለቆጠረው "ዴር" በተባለው አልበም መጨረሻ ላይ ነው የገባው። ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን ራሸንት ነበር፤ ከእጁ የማይለዩት ሁለት መሣሪያዎች የሊን ኤልኤም1 ድራም ማሽን እና ኖታ በቁጥር ቁልፍ የሚገባበት ሮላንድ ኤምሲ8 ሲኩዌንሰር (ኖታዎችን በቅደም ተከተል የሚያጫውት ማሽን) ነበሩ። ስለዚህ እዚህ ዘፈን ላይ ኖታን በመዳፊት አንድ በአንድ መትከል ከኪቦርድ ይልቅ ለዋናው አሠራር ይቀርባል።

ኤልኤም1 በ1980 ሮጀር ሊን ያወጣው፣ የእውነተኛ ከበሮ ቅጂ የሚያሰማ የመጀመሪያው ድራም ማሽን ነው። የተሠራው ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው። ሳምፕሎቹ 8 ቢት፣ 28 ኪሎኸርዝ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ያነብና ንጹሕ የከበሮ ድምፅ ላይ ቢትክራሸር (የድምፁን ቢት የሚቀንስ ኢፌክት) አድርጎ 8 ላይ ያወርደዋል፤ የሚያገኘው ሹክሹክታና ስንጥቅጥቅ ያለ ነገር ነው። ምክንያቱ የኤልኤም1 8 ቢት እኩል የተከፋፈለ ስላልነበረ ነው፦ ለዝቅተኛ ድምፅ ጥቃቅን ደረጃ፣ ለከፍተኛው ሰፋፊ ደረጃ ይሰጥ ነበር። በተራ ቢትክራሸር ለመጠጋት ቢቱን 11 ወይም 12 ላይ፣ የሳምፕል ፍጥነቱን 28 ኪሎኸርዝ ላይ መተው ይሻላል። የሚያስፈልገው ያ የላይኛው ድምፅ መቆረጥ ነው፣ ሹክሹክታው አይደለም።

ክራሽ ሲምባል በኤልኤም1 የለም። ሲምባል ረጅም ስለሚጮህ ብዙ ማህደረ ትውስታ ይበላል፣ ያኔ ደግሞ ቺፑ ውድ ነበር፤ ክራሽ የመጣው በ1982 ሊንድራም ላይ ነው። ስለዚህ ወደ አዝማቹ ሲገባ ክራሽ የሚመታ ሰው ዘመኑን ሳያውቀው ይለውጣል። በቦታው ከሲንተሳይዘር የሚወጣ ኖይዝ ይግባ፦ አታክ 0፣ ዲኬይ 800 ሚሊ ሴኮንድ፣ ሃይ ፓስ (ከታች ያለውን የሚቆርጥ ፊልተር) 3 ኪሎኸርዝ፣ ድምፁ ከስናሩ 6 ዲሲቤል ያነሰ።

ሌላው፣ የእያንዳንዱ ከበሮ ቅኝት በኖብ ይለወጥ ነበር። ስናሩን ሁለት ሰሚቶን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል። ፍጥነቱ 118 ላይ፣ ኖታዎቹ በሙሉ መስመር ላይ፣ መቶ በመቶ ኳንታይዝ (በምቱ ላይ በትክክል ማሳረፍ)። "ሂውማናይዝ" የሚለውን፣ ምቱን እንደ ሰው የሚያዛንፈውን ቁልፍ መንካት አያስፈልግም፤ ይህ ሙዚቃ ማሽን መሆኑን አይደብቅም።

እግረ መንገድ ለእኛ የሚቀርብ ነገር ካልተነሣ ቅር ይላል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ከድራም ማሽን ጋር አድርጎ ቀድቷል። ዘመኑና የመሣሪያው ዓይነት ቅርብ ናቸው፣ ቅኝቱ የእኛ። በማሽን ከበሮ ላይ ያለ ትንፋሽ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ከሂውማን ሊግ ቀጥሎ ማዳመጥ ይጠቅማል።

ብሉ መንደይ፦ አልቋል፣ ብዙ አስቸግሮ

የኒው ኦርደር ባንድ ዘፈን፣ ማርች 1983፣ አሳታሚው ፋክተሪ ሬከርድስ። በባለ 12 ኢንች ሸክላ ነው የወጣው፣ ርዝመቱ 7 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ፤ ድምፃዊው የሚገባው ከ2 ደቂቃ በኋላ ነው። ፍጥነቱ 130። መሣሪያዎቹ ኦበርሃይም ዲኤምኤክስ ድራም ማሽን፣ ለቤዝ ሙግ ሶርስ፣ ለመዘምራኑ ድምፅ ኢሙሌተር የተባለው ሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት መሣሪያ)፣ እና የባንዱ በርናርድ ሰምነር ከመገጣጠሚያ ዕቃ ራሱ የሠራው የፓወርትራን ሲኩዌንሰር ናቸው።

መግቢያው ላይ ያለውን ኪክ ለመጻፍ ሁለት ባር በየ16 ደረጃ ይከፈታል። የመጀመሪያው ባር 1 እና 5 ላይ አንዳንድ፣ ከዚያ ከ9 እስከ 16 ያለው ሁሉ። ሁለተኛው ባር 1፣ 5፣ 9፣ 13 ላይ ብቻ። በቃ። ሰው የሚቸገረው መጻፉ ላይ አይደለም፤ ስምንቱ ተከታታይ ምቶች ሲመጡ "ድድድድ" በማለት ፈንታ አንድ ረጅም ጉርምርምታ ይሆኑበታል። ስሌቱ ምክንያቱን ያሳያል፦ በ130 ፍጥነት ሩብ ምት 115 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ የዛሬ ኪክ ሳምፕሎች ብዙዎቹ 300 እና 400 ሚሊ ሴኮንድ ይረዝማሉ። ሦስትና አራት ኪክ ተደራርቦ ይጮሃል፣ ሜትሩም ቀይ ይነካል። ዲኤምኤክስ ላይ ይህ አይፈጠርም፤ አዲሱ ምት ሲመጣ የቀደመውን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሳምፕለሩን ወደ ሞኖ ማድረግና ዲኬዩን 100 ሚሊ ሴኮንድ ላይ ማሳጠር ነው። ሲቆረጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ከመጣ 3 ሚሊ ሴኮንድ ፌድ (ቀስ ብሎ መጥፋት) ያጠፋዋል።

ቀጥሎ ቤዙ። መነሻዎቹ ግማሽ ባር ኤፍ፣ ግማሽ ባር ሲ፣ አንድ ሙሉ ባር ዲ፤ በሁለተኛው ዙር ኤፉ ወደ ጂ ይለወጥና ሲና ዲ እንዳሉ ይቀጥላሉ። መስመሩ በዝቅተኛው ኖታና በኦክታቩ መካከል ይዘላል። ድምፁ ከስዊት ድሪምስ ይልቅ ይደርቃል፦ የፊልተሩ ዲኬይ 120 ሚሊ ሴኮንድ፣ ሰስቴን 0፣ ምንም ሪቨርብ የለም። ሪቨርብ የተጨመረበት ቤዝ በ130 ፍጥነት ባሩ ሳይሞላ ይደነዝዛል።

ዜማውን በተመለከተ ይህ ይታወቅ፦ በቅጂው ላይ የሲንተሳይዘሩ ዜማ ከምቱ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። የባንዱ ጊሊያን ጊልበርት ኖታዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ስታስገባ አንድ ኖታ ስለተዘለለ መላው መስመር ተንሸራተተ፤ ያ ስህተት እንዳለ ቀረ። መልሶ የሚያቀናብር ሰው ዜማውን ቆንጆ አድርጎ መስመር ላይ ካሳረፈው "ትክክል ነው ግን እሱ አይደለም" የሚል ስሜት ይመጣል። መፍትሔው መጀመሪያ በትክክል መጻፍ፣ ከዚያ መላውን ትራክ ወደፊትም ወደኋላም እያንሸራተቱ ከዋናው ጋር በጆሮ ማነጻጸር ነው። ኖታዎቹን አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ግን አይሠራም፤ የተንሸራተተው ሁሉም አብሮ ነውና።

መዘምራኑ፦ የሰው ድምፅ ሳምፕል በሁለት ኦክታቭ ውስጥ ብቻ ይጫወት። ኢሙሌተሩ 8 ቢት ነበር፤ ከፍ ሲል ድምፁ ያጥራል፣ ዝቅ ሲል ይጎተታል። ዘመናዊ ሳምፕለር ርዝመቱን እኩል ለማድረግ የሚሠራውን ማስተካከያ መዝጋት ያስፈልጋል፣ ያ አለመመጣጠን የድምፁ አካል ነው። ከሁሉ በላይ የባንዱ አባል የፒተር ሁክ ቤዝ ጊታር አለ፤ እሱ ከታች አይደለም የሚጫወተው፣ ወደ አንገቱ ላይኛው ክፍል ወጥቶ ዜማ ነው የሚያወጣው። ጊታር የሌለው ሰው በሲንተሳይዘር ሊተካው ይሞክራል፣ አይሆንም፤ ለዚያ ክፍል የተበደረም ቢሆን ቤዝ ጊታር ይሻላል። ኮረስ ኢፌክት፣ ፍጥነቱ 0.6 ኸርዝ፣ ጥልቀቱ 40 በመቶ።

የተቆረጠው ስናር

"የ80ዎቹ ስናር" ሲባል ሰው የሚያስበው ያ ተንቦግቡጎ ድንገት የሚዘጋ ድምፅ ምዕራብ ለንደን ባለው ታውንሃውስ ስቱዲዮ ነው የተፈጠረው፣ ፒተር ጋብሪኤል በ1980 ላወጣው አልበም ሲቀዳ። ከበሮውን የመታው ፊል ኮሊንስ፣ ድምፁን የያዙት ሂዩ ፓጃምና ስቲቭ ሊሊዋይት ናቸው። ከቀረጻ ክፍሉ ለማውራት ብቻ የተሰቀለ ማይክራፎን በጣም የተጨመቀ ድምፅ ይልክ ነበር፤ ከበሮው በዚያ ማይክራፎን ሲገባና በጌት (ድምፁ ሲያንስ በሚዘጋ በር) ሲዘጋ ያ ድምፅ ወጣ።

ደረጃው፦ ስናሩን ብቻ ወደ አንድ ባስ (ኢፌክት የሚደረግበት የተለየ የድምፅ መስመር) መላክ፤ እዚያ 2 ሴኮንድ የሚረዝም ሩም ሪቨርብ፣ ፕሪዲሌይ 0፤ ቀጥሎ ኮምፕረሰር (ድምፁን የሚጨምቅ) 8 ለ 1፤ ቀጥሎ ጌት፣ ሆልድ (ክፍት የሚቆይበት) 200 ሚሊ ሴኮንድ፣ ሪሊዝ (ሲዘጋ የሚፈጀው) 20። የጌቱ ሳይድቼይን (ጌቱን የሚያዝዘው ድምፅ) ከደረቁ ስናር ይምጣ። ከራሱ ከሪቨርቡ ከመጣ፣ ጅራቱ በጌቱ መክፈቻ ደረጃ ዙሪያ ሲወዛወዝ ጌቱ ይከፈታል ይዘጋል፣ ይንተባተባል። በ118 ፍጥነት ግማሽ ምት 254 ሚሊ ሴኮንድ ስለሆነ ሆልዱ ከዚያ ማነስ አለበት፣ አለዚያ ቀጣዩ ሀይሃት ላይ ይደርሳል። ሲዘጋ ጠቅ ካለ ሪሊዙን ወደ 30 ማሳደግ።

አንድ ምክር፦ ይህን ስናር በየዘፈኑ መለጠፍ አያስፈልግም። ብሉ መንደይም ስዊት ድሪምስም አይፈልጉትም።

ካርስ እና ያ የሚያለቅስ ስትሪንግ፦ በከፊል

ጌሪ ኑማን፣ 1979፣ በእንግሊዝ አንደኛ። ከበሮውና ቤዙ ሰው የተጫወታቸው ናቸው። ድምፃዊው ግማሽ ላይ ይጨርስና የቀረው መሣሪያ ብቻ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ያ ሰፊ የላይኛው ድምፅ የፖሊሙግ ኪቦርድ ፕሪሴት ነው፣ ስሙ ቮክስ ሁማና። ቅጂውን በሰርጅ ለመሥራት፦ አንድ ሶው፣ አንድ ፐልስ፣ በመካከላቸው 8 ሴንት፣ በሁለቱም ላይ የተለያየ ኤልኤፍኦ (ቅኝቱን የሚያወዛውዝ ዝግተኛ ሞገድ)፣ አንዱ 4.5 አንዱ 5.5 ኸርዝ፣ ጥልቀቱ እያንዳንዱ 5 ሴንት። አታክ 60፣ ሪሊዝ 400 ሚሊ ሴኮንድ። ከ250 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡት። ሁለቱን ኤልኤፍኦ አንድ ፍጥነት ላይ ማድረግ ድምፁን ተራ ቪብራቶ ያደርገዋል፤ ልዩነቱ ነው የሚያስለቅሰው። የቀረው ሥራ መጠኑ ላይ ነው፦ ከሚኒሙጉ ጋር ሲሰለፍ ገና ይበዛል።

ባንድ ኤድ፦ ለመስማት እንጂ ለማቀናበር ያልተጀመረ

ከዚህ ዘመን ዘፈኖች ከእኛ ጋር በቀጥታ የተያያዘው አንድ ነው፦ ባንድ ኤድ የተባለው ስብስብ የዘፈነው "ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ?" (ገና መሆኑን ያውቃሉ?)። ኖቬምበር 25 ቀን 1984 ለንደን ኖቲንግ ሂል ሳርም ዌስት ስቱዲዮ ውስጥ፣ የኒው ዌቩ ባለ ስሞች፣ ዱራን ዱራን፣ ስፓንዳው ባሌ፣ ካልቸር ክለብ፣ ሄቨን 17፣ አልትራቮክስ፣ ባናናራማ፣ በእኛ አቆጣጠር ለሰባ ሰባቱ ረሃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተሰበሰቡ። ግጥምና ዜማው የቦብ ጌልዶፍና የአልትራቮክሱ ሚጅ ዩር ነው። ርእሱ የሚጠይቀውን ጥያቄ የላሊበላ ካህናት ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ሲመልሱት ኖረዋል፤ ያም ሆኖ ቅንብሩ ትምህርት አለው። መግቢያው ላይ ያለው ከባድ ከበሮ ከቲርስ ፎር ፊርስ ባንድ "ዘ ሃርቲንግ" የተወሰደ ሳምፕል ነው፤ በላዩ ፊል ኮሊንስ በእውነተኛ ከበሮ ይገባል። መጀመሪያ ማሽን፣ ከዚያ ሰው። ይህ ሽግግር በፕሮግራም ሲሠራ የሚበላሸው ሁለቱ ከበሮዎች አንድ ዓይነት ሪቨርብ ሲሰጣቸው ነው፤ የማሽኑ ደረቅ፣ የሰውየው ክፍል ያለው መሆን አለበት።

ቀጣዩ፦ ኤቭሪባዲ ዎንትስ ቱ ሩል ዘ ዎርልድ

የቲርስ ፎር ፊርስ የ1985 ዘፈን፣ ፍጥነቱ 112። እስካሁን የተሠሩት ሁሉ ምቱን በአራት ይከፍላሉ፤ ይህ በሦስት ይከፍላል፣ ማለትም 12/8 ነው። አንድ ምት 536 ሚሊ ሴኮንድ፣ አንድ ሦስተኛው 179። ባለ 16 ደረጃ ሲኩዌንሰር ላይ ስዊንጉን 66 በመቶ አድርጎ ለማለፍ መሞከር አያዋጣም፤ የሦስቱን መጀመሪያና መጨረሻ ያገኛል፣ መካከለኛው ግን የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ሪፐር ላይ ግሪዱን ወደ 1/8 ትሪፕሌት መለወጥና በባር 12 ደረጃ መቁጠር ነው።

መግቢያው ላይ ቤዙ ዲ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ በላዩ ኤ ሜጀርና ጂ ሜጀር ይፈራረቃሉ። ቤዙን ከኮርዱ ጋር አብሮ የሚያንቀሳቅስ ሰው ያን የመንሳፈፍ ስሜት ወዲያው ያጣዋል። መጀመሪያ የሚቀረጸው ዲው ብቻ ይሆናል፣ ስምንት ባር ሙሉ፤ ከዚያ ከኤ ሜጀር ሦስቱ ኖታዎች ሲ ሻርፕ በአንድ መስመር፣ ኢ በሌላው፣ ኤ በሦስተኛው መስመር ይከፈላሉ። ወደ ጂ ሲሄድ ሲ ሻርፑ ወደ ቢ፣ ኢው ወደ ዲ፣ ኤው ወደ ጂ አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳሉ። ሦስቱ አብረው ስለሚወርዱ ለሦስቱ የተለያየ የኖታ ርዝመት ማስፈለጉ አይቀርም፤ 50፣ 70 እና 90 በመቶ ተይዞ ይጀመራል።